የአረጋውያን ስኳር መውረዱ ሁልጊዜ ጤና አይደለም

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረት የስኳር በሽታን ጠባይ በሚገባ ይገልጸዋል። በሽታው ሰውን ሳያስጮኽ ዓይንን፥ ኩላሊትን፥ እግርንና ልብን በዝግታ ይጎዳል። ስለዚህ በዚህ ወርኃዊ ጽሑፍም ሆነ በገበያ ቀን በምንሰጠው ትምህርት «ስኳራችሁን አውርዱ» እያልን ስንመክር ኖረናል። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው ለገፋ አባቶችና እናቶች የሰጠነው ምክር ግማሹ ብቻ እንደ ነበረ፥ ቀሪውን ግማሽ ሳንናገር መቅረታችንም ጉዳት እንዳደረሰ ዛሬ በግልጽ ልንጽፍ ወደናል። ቀሪው ግማሽ ይህ ነው፤ በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ስኳር ከመጠን በላይ ከፍ ማለቱ በዓመታት የሚያደርሰውን ጉዳት፥ ከመጠን በታች መውረዱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያደርሰው ይችላል።

ይህን እንድንጽፍ ያደረገን በዓይናችን ያየነው ነገር ነው። ከመንዝ ደጋ ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖሩ፥ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ አንዲት እማሆይ ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስትን አልፏል። በጥር ወር ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው በባዶ ሆዳቸው ቢለኩ ስኳራቸው 168 ሆኖ ተገኘ። በባሕር ማዶ ሳለን ያጠናነው መጽሐፍ ቁጥሩ ከ130 በታች እንዲሆን ያዝዝ ነበርና፥ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ክኒናቸውን በእጥፍ አደረግነው። «እማሆይ፥ አደራ እንዳይረሱ፤ በየማለዳው ይዋጡት» ብለንም አስጠነቀቅናቸው። እርሳቸውም የታዘዙትን የሚያከብሩ ሰው ነበሩና አልረሱም።

ዓቢይ ጾም ገባ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዓርብ ክኒኑን በማለዳ በውኃ ውጠው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቅዳሴው እስኪፈጸም፥ ማለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፥ እህል በአፋቸው አልገባም። ሲመለሱ ከቅጥሩ በር ላይ ንግግራቸው ተዛባ፤ አብሯቸው የነበረውን የልጅ ልጃቸውን በሌላ ሰው ስም ጠሩት፤ ከዚያም ከድንጋዩ ደረጃ ላይ ወደቁ። አንዱ «ዛር ነው» አለ፤ ሌላው «ድካም ነው፥ ይተኙ» አለ። በቃሬዛ ተይዘው ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ስኳራቸው 34 ሆኖ ተገኘ። ግሉኮስ በደም ሥራቸው በተሰጣቸው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዓይናቸውን ገልጠው «የት ነኝ?» አሉ። የዚያ ክኒን ኃይል እስከ ማግሥቱ ይቆያልና ሌሊቱን ሙሉ ስንጠብቃቸው አደርን። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ነገር ግን የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም።

ካርዳቸውን ገልጠን ብናይ መድኃኒቱን በእጥፍ ያደረገው ፊርማ የእኛው ነበር። «እማሆይ፥ ይጾማሉን? ስንት ሰዓት ይመገባሉ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው በካርዱ ላይ አልተገኘም። ቁጥሩን አከምን እንጂ ሰውዮዋን አላከምንም።

እንግዲህ አንባቢ ነገሩን እንዲረዳ የሰውነትን አሠራር በአጭሩ እንግለጽ። የምንበላው እህል ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ይዞራል። ቆሽት የሚባለው ብልት ኢንሱሊንን እያመነጨ ይህን ስኳር ወደ ሥጋችን ያስገባዋል። በዕድሜ ምክንያት ኢንሱሊኑ ሲያንስ ወይም ሥጋው አልታዘዝ ሲለው ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መያዝ ያቅተዋልና ስኳሩ በሽንት ይወጣል፤ ውኃ ጥምና አዘውትሮ መሽናት የሚመጣውም ከዚህ ነው። በአንጻሩ ሰው ሳይበላ ሲውል ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ወደ ደም እየለቀቀ አንጎልን ይመግባል። አንጎል ከሁሉም ብልቶች ይልቅ በስኳር ላይ የተመካ ነውና ቁጥሩ ከ70 በታች ሲሆን መታወክ ይጀምራል፤ ከ54 በታች ሲሆን ነገሩ አስጊ ነው።

አረጋዊ ሰው በዚህ ረገድ ከጎልማሳ የሚለይበት ምክንያት አለ። አንደኛ፥ ኩላሊቱ በዕድሜ ደክሟልና ክኒኑ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም። ሁለተኛ፥ ጎልማሳን የሚያስጠነቅቁት መንቀጥቀጥ፥ ላብና የልብ ምት በአረጋዊ ላይ ደክመው ወይም ጨርሰው ጠፍተው፥ የሚታየው መደናገር፥ መፍዘዝና መውደቅ ብቻ ይሆናል። ይህንንም ቤተ ዘመድ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሦስተኛ፥ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፥ ጥርስ ይረግፋል፤ መድኃኒቱ ግን እንደ ድሮው ነው። አራተኛ፥ የመርሳት ጠባይ የጀመረው ሰው ክኒኑን የዋጠ ሳይመስለው ሁለተኛ ይውጣል።

ስለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላማይድ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰዎች ተስማሚ አለመሆኑን የጻፈው። ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን ግን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም ቢሆን ኩላሊት መመርመርን ይጠይቃል። ማንም ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በገዛ እጁ እንዳያቆም አደራ እንላለን። የያዘው ክኒን የትኛው እንደ ሆነ ስሙን ከማሸጊያው ላይ አንብቦ ሐኪሙን መጠየቅ ግን መብቱም ግዴታውም ነው።

«ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ይሻላል» የሚለው ሐሳብ የእኛ ብቻ ስሕተት አልነበረም። ኢንሱሊን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ፥ በፍሬድሪክ ባንቲንግና በቻርልስ ቤስት ጥናት ከተገኘና በ1922 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከተሰጠ ወዲህ የሕክምና ሰዎች ትልቁ ምኞት የበሽተኛውን ስኳር ከጤነኛ ሰው ጋር ማስተካከል ነበር። ይህንንም ለመፈተን በአሜሪካና በካናዳ ከ10 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ አኮርድ የተባለ ጥናት ተደረገ። የሰዎቹ አማካይ ዕድሜ 62 ዓመት ነበር። እጅግ ዝቅ እንዲል በተደረገላቸው ወገን የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከሌላው ወገን በልጦ ስለ ተገኘ፥ በ2008 ዓ.ም. ያ ጠንካራ ሕክምና እንዲቆም ተደረገ። ከዚህ ወዲህ ሊቃውንት ለአረጋውያን የተለየ ልክ አወጡ።

ልኩም በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ከስኳር በቀር ሌላ ብርቱ ሕመም የሌለባቸው፥ አእምሯቸው ንቁ የሆነ፥ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ አረጋውያን በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ቢሆኑ መልካም ነው። ሌሎች ሕመሞች የተደራረቡባቸው ወይም መርሳት የጀመሩ ከ90 እስከ 150 ይበቃቸዋል። እጅግ የደከሙና በሰው ርዳታ የሚኖሩ ደግሞ ከ100 እስከ 180 ቢሆኑ ሐኪም ሊታገሣቸው ይገባል። በዚህ ሚዛን ብንለካቸው ኖሮ የእማሆይ 168 በእጥፍ መድኃኒት የሚያስቀጣ ቁጥር አልነበረም።

«እንዲህ ተብሎ ከተጻፈማ ሕዝቡ መድኃኒቱን ይተወዋል» የሚሉ ባልደረቦች አሉን። ፍርሃታቸውን አንንቀውም። ልኩ ላላ ማለት ግን ልክ የለም ማለት አይደለም። ስኳሩ ሳያቋርጥ ከ250 በላይ የሚውል አረጋዊ ውኃው ተሟጦ፥ ቁስሉ አልድን ብሎ፥ ዓይኑ ደክሞ ይሠቃያልና ሕክምናውን ማጥበቅ ግዴታ ነው። ደግሞም መድኃኒቱን ፈጽሞ የሚተው ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ከመንገድ ላይ ወድቆ «ክኒኑ ሊገድለኝ ነበር» ያለ ሰው ነው። የሚስማማውን መጠን ያገኘ ሰው በሕክምናው ይጸናል።

አሁን ወደ አገራችን ኑሮ እንመለስ። በመንዝ፥ በጊሼና በመርሐ ቤቴ ጾም የሕይወት ሥርዓት ነው። ዓቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፥ ፍልሰታና ነቢያትም አሉ። እኛ ጾምን ለማሻር አልተነሣንም፤ ሥልጣኑም የለንም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሕመምተኛ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ የጾሙ ሰዓት ሊያጥርለት እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ችግሩ አረጋውያን እናቶቻችን «በሽተኛ ነኝ» ማለትን እንደ ነውር መቊጠራቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። ካህናት አባቶቻችን ስኳር ያለበትን አረጋዊ ሳይጠየቁ ጠይቀው ፈቃዳቸውን ይስጡ። የጤና ባለሙያ ደግሞ ጾም ከመግባቱ ከሁለት ሳምንት በፊት የእያንዳንዱን አረጋዊ መድኃኒት መርምሮ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክል። ከምግብ ጋር የሚዋጥ ክኒን ምግቡ ወደሚቀርብበት ሰዓት ሊዛወር ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ባለሙያው ነው። በረመዳን ለሚጾሙ ሙስሊም ወገኖቻችንም ምክሩ አንድ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አንናገርም፤ የደጋው እህል ከመልካሞቹ ወገን ነውና። ገብስ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚያዘገይ አሰር አለው፤ ባቄላ፥ አተር፥ ምስርና ጎመንም እንዲሁ ይረዳሉ። ጉዳት የሚያመጣው በዚህ ላይ የተጨመረው ነው፤ በአንድ ስኒ ሻይ ሦስትና አራት ማንኪያ ስኳር፥ በለቅሶ ቤትና በሠርግ የሚታደለው ለስላሳ መጠጥ። «ማር የተፈጥሮ ነውና አይጎዳም» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ማርም የደምን ስኳር ከፍ ያደርጋል። አረቄ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ያግደዋልና፥ ክኒን ወይም መርፌ ወስዶ፥ ሳይበላ፥ ለብርድ ብሎ አንድ ሁለት መለኪያ የጠጣ ሽማግሌ ሌሊት በተኛበት ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። በማግሥቱም «ሰክሮ ነው» ይባልለታል።

ብርዱን ካነሣን ስለ እሳት እንናገር። መሐል ሜዳና አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው አረጋውያን ማታ ማታ እግራቸውን ወደ ምድጃ ይዘረጋሉ። ስኳር የቆየበት እግር ግን ስሜቱን ያጣልና ሲቃጠል አያውቅም። ከምድጃ ዳር በተገኘች ትንሽ ቃጠሎ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ። እግርን በየማታው በብርሃን ማየት፥ በለብታ ውኃ አጥቦ በጣቶቹ መካከል ማድረቅ፥ ከእሳት አንድ ክንድ ማራቅ፥ ጫማን ከማጥለቅ በፊት በእጅ ዳብሶ ጠጠር አለመኖሩን ማረጋገጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስዱም የአገሩን አየር ይወቁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ባለበት ነው። በደጋው የውርጭ ሌሊት ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ ኃይሉ ይጠፋል፤ ቢቀልጥም አይመለስምና መጣል አለበት። ከዓለም ከተማ ወርዶ የጀማን ሸለቆ የሚሻገር መንገደኛ ደግሞ በሙቀት ያበላሸዋል። በውርጭ ወራት ከመኝታ አጠገብ በጨርቅ ጠቅልሎ ማኖር፥ በቆላ ውኃ ባረጠቡት ጨርቅ በተሸፈነ የሸክላ ገንቦ ውስጥ በጥላ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በሥራ ላይ ያለው ጠርሙስ ከተከፈተ አራት ሳምንት ሲሞላው ይለወጥ።

አሁን የጽሑፋችንን ዋና ነገር እንናገር። ሁሉም ነገር ከሆስፒታል እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም። ከራቤል ወይም ከሞላሌ ገጠር ደብረ ብርሃን ድረስ በየወሩ የሚመላለስ የሰባ ዓመት ሰው ማግኘት ዘበት ነው፤ ጊዜው ሲከፋና መንገድ ሲዘጋም ቅርቡም ሩቅ ይሆናል። በጎንደርና በጅማ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መሪነት፥ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በገጠር ጤና ጣቢያ የስኳር በሽተኞችን በየወሩ እንዲከታተሉ የተደረገበት ሥራ፥ ክትትሉ ወደ ሰዉ ደጅ ሊቀርብ እንደሚችል አሳይቷል። የጎንደር ኮሌጅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ጤና መኮንንን በገጠር እንዲሠራ ለማሠልጠን ነበር። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የስኳር መለኪያ ከነመመርመሪያ ወረቀቱ ሳይጓደል እንዲገኝ፥ ለአረጋውያንም ከግሊቤንክላማይድ የተሻለ መድኃኒት እንዲቀርብ መጠየቅ የእኛ ግዴታ ነው፤ ካላደረግነውም ሊወቅሰን የሚገባው አንባቢ ነው።

በባሕር ማዶ ሳለን ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ ሽማግሌዎች አይተናል። ነርስ በመኪና እየዞረች በየቤታቸው ትለካቸዋለች፤ ከእርሷ በቀር ግን በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው የሌላቸው ነበሩ። በእኛ አገር መኪናው የለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሽማግሌ አጠገብ የልጅ ልጅ አለ፤ ያም ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ክቡራን መምህራን፥ ወደ እናንተ የምንመጣው ስለዚህ ነው።

በአንድ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቻችሁ ይህን ብቻ አስተምሩልን። በቤታችሁ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፥ መድኃኒቱን በየቀኑ ቈጥራችሁ በደብተር ጻፉ። አያታችሁ በድንገት ከተደናገሩ፥ ላብ ካጠመቃቸው፥ ንግግራቸው ከተዛባ፥ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጡ። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻላቸው ድገሙ። ሲነቁ እንጀራ ወይም በሶ ያብሉ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ወደ ሳንባ እንዳይገባ በአፋቸው ምንም አይጨመር፤ በጎናቸው አስተኝታችሁ ሰው ጥሩና ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ። ጸበል መርጨት የሚወድ ይርጭ፤ ቃሬዛው ግን አይዘግይ።

ለከተማ ነዋሪዎችም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እድሮቻችን ለቀብር ድንኳንና ወንበር ይገዛሉ። አንድ የስኳር መለኪያ ከድንኳን ዋጋ ጋር የሚተያይ አይደለም፤ ለሙታን የሚሆነውን የገዛ እድር ለሕያዋን የሚሆነውን ለመግዛት አያቅተውም። ይህ ሲደረግ ግን የመውጊያዋ መርፌ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ትሁን፤ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው መውጋት የጉበትና ሌላ በሽታ ማዛመት ነው። የሚለካውም የተማረ ሰው ይሁን፤ ቁጥሩን ጽፎ ለጤና ጣቢያ ያስተላልፍ እንጂ መድኃኒት አይዘዝ።

በዓለም ላይ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. 589 ሚሊዮን ጎልማሶችና አረጋውያን የስኳር በሽታ እንዳለባቸው፥ ከእነዚህም ከአሥሩ አራት የሚበልጡት በሽታቸውን እንደማያውቁ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ገምቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። እኛን ግን ከዚህ ሁሉ ሚሊዮን ይልቅ አንድ ቁጥር ያስጨንቀናል፤ በአንዲት እማሆይ ካርድ ላይ በእኛ እጅ የተጻፈችው 168። ዛሬ በእያንዳንዱ አረጋዊ ካርድ ላይ ከቁጥሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንጽፋለን፤ ስንት ሰዓት ይመገባሉ? ይጾማሉን? በቤትዎ ማን አለ? አንባቢ ሆይ፥ አባትዎን ወይም እናትዎን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ በሚመጡበት ቀን እነዚህን ጥያቄዎች ሳንጠይቅ ክኒን ብንሰጥዎ፥ ከወንበርዎ ሳይነሡ እርስዎ ይጠይቁን።